የወጥ ቤት ቆሻሻን ያለ ሽታና ያለ ዝንብ ወደ ብስባሽ መቀየር፦ ዝርዝር መመሪያ

የአትክልት ልጣጭና የፍራፍሬ ቅርፊት በባልዲ አጠራቅመው ለተክል የሚሆን ብስባሽ ሊያዘጋጁ የተነሡ ብዙ ሰዎች ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ተስፋ ቆርጠው ይተዉታል። ባልዲው ይሸታል፣ ዝንብ ይወርሰዋል፣ ከሥሩ ጥቁር ውሃ ይንጠባጠባል። ችግሩ የሚፈጠረው ግን የመጀመሪያው ልጣጭ ባልዲው ውስጥ ከመግባቱም በፊት ነው፤ ደረቁን ነገር ሳያከማቹ እርጥቡን መጣል ይጀምራሉና። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉትን ደረጃዎች በቅደም ተከተላቸው ተከተሉ። በተለይ ሁለተኛውን አትዝለሉ።

የቤት ቆሻሻን መቀነስ የሚፈልግ ሰው ከወጥ ቤቱ እንዲጀምር የምመክረው በቂ ምክንያት ስላለ ነው። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ዘገባ መሠረት በዓለም ከሚመነጨው የማዘጋጃ ቤት ቆሻሻ 44 በመቶ የሚሆነው የምግብና የተክል ተረፈ ነው። ይህ እርጥብ ቆሻሻ አየር በማያገኝበት ቦታ ተቀብሮ ሲበሰብስ ሚቴን የተባለውን ጋዝ ያወጣል። ሚቴን በ100 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ25 ጊዜ በላይ ሙቀት አማቂ ነው። በዚያ ላይ እርጥቡ ደረቁን ያበላሻል፤ ንጹሕ የነበረ ወረቀትና ካርቶን በልጣጭ ውሃ ከራሰ በኋላ እንደገና ለአገልግሎት የሚወስደው የለም።

ደረጃ 1፦ ለአንድ ሳምንት ለዩ፣ ምንም አትጀምሩ

1. ሁለት ዕቃ አስቀምጡ። አንዱ ለእርጥብ፣ ሌላው ለደረቅ ቆሻሻ ይሁን።
2. ለአንድ ሳምንት ያህል የቤቱ ሰው ሁሉ ለይቶ መጣል ይልመድ። ልጆችም ሆኑ የቤት ሠራተኛ ያልተነገረው ሰው ካለ ሥራው ሁሉ ይበላሻል።
3. እርጥቡ በቀን ምን ያህል እንደሚሆን አስተውሉ። የባልዲያችሁን ስፋት የሚወስነው ይህ ነው። ለአንድ ወይም ለሁለት ሰው 20 ሊትር የሚይዙ ሁለት ባልዲዎች ይበቃሉ። ብዙ ሰው ያለበት ቤት ከ60 እስከ 100 ሊትር የሚይዝ በርሜል ያስፈልገዋል።

በዚህ ሳምንት እርጥቡ ዕቃ ውስጥ የበሰለ ምግብ በብዛት ካያችሁ፣ ብስባሹ ቆይቶ ይደርሳል፤ መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ። ትንሽ አብስሉ። የተረፈውን በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ከ4 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በማይበልጥ ማቀዝቀዣ አስገቡና በሦስት ወይም በአራት ቀን ውስጥ ብሉት። ብስባሽ ለልጣጭ ነው እንጂ ለተጣለ ራት ማስተሰረያ አይደለም።

ደረጃ 2፦ ደረቁን አከማቹ

ቆሻሻውን የሚያብላሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ካርቦንም ናይትሮጅንም ይፈልጋሉ። ልጣጭ ናይትሮጅን የበዛበት ነው። ደረቅ ቅጠል፣ ካርቶንና ሰጋቱራ ደግሞ ካርቦን የበዛባቸው ናቸው። ተሕዋስያኑ በደንብ የሚሠሩት በክብደት ለ1 እጅ ናይትሮጅን ከ25 እስከ 30 እጅ ካርቦን ሲያገኙ ነው። ይህን ማንም ወጥ ቤት ቆሞ አያሰላውም፤ በተግባር ሲታይ ግን ነገሩ ቀላል ነው፦ ለአንድ ዕቃ እርጥብ ከሁለት እስከ ሦስት ዕቃ ደረቅ። የሚሰፈረው በመጠን እንጂ በክብደት አይደለም።

1. ቢያንስ የብስባሽ ባልዲያችሁን ሁለት ጊዜ የሚሞላ ደረቅ ነገር ሰብስቡ። ይህ ሳይሟላ ወደ ደረጃ 3 አትለፉ።
2. ካርቶንና ጋዜጣ ከሆነ የመዳፍ ግማሽ በሚያህል ቁራጭ ቅደዱት። ማጣበቂያ ፕላስቲኩንና የሽቦ ማያያዣውን አስቀድማችሁ አውጡ።
3. ቅጠል ከሆነ በፀሐይ አድርቃችሁ በእጅ ፈርፍሩት።
4. ሰጋቱራ ካገኛችሁ ከየትኛው እንጨት እንደወጣ ጠይቁ። ቀለም የተቀባ፣ ፀረ ነፍሳት የተነከረ ወይም በሙጫ የተጣበቀ ጣውላ ሰጋቱራ ፈጽሞ አይገባም።
5. ሰጋቱራን ብቻውን አትጠቀሙ። ደቃቅ ስለሆነ እርስ በርሱ ተጣብቆ አየር ይከለክላል። በቅጠል ወይም በካርቶን ደባልቁት።
6. የተሰበሰበውን ዝናብ በማይደርስበት ቦታ፣ ከባልዲው አጠገብ አስቀምጡ። ርቆ የተቀመጠ ደረቅ ነገር ሲመሽና ሲደክም ይዘለላል፤ አንድ ቀን ሲዘለል ደግሞ ሽታው ይጀምራል።

የሚያብረቀርቅ ወይም ፕላስቲክ የተለበጠ ወረቀት አትጨምሩ። በሙቀት የሚታተም የገንዘብ መቀበያ ደረሰኝም አይገባም፤ ብዙ ጊዜ ቢስፌኖል የተባለ ኬሚካል የተቀባ ነው።

ደረጃ 3፦ ባልዲዎቹን ብሱ

ክዳን ያላቸው ሁለት ባልዲዎች ያስፈልጓችኋል፤ አንዱ ሲሞላ ሌላው ሥራውን ይቀጥላል። ቀድሞ ኬሚካል የተያዘበትን ዕቃ አትጠቀሙ።

1. ከታች ከ10 እስከ 15 ቀዳዳ፣ በጎን ዙሪያውን በሦስት ረድፍ ቀዳዳ ብሱ። ክዳኑ ላይም ጥቂት ይኑር።
2. የቀዳዳው ስፋት ከ5 ሚሊ ሜትር አይብለጥ። ትንሽ አይጥ ከዚህ ብዙም በማይሰፋ ቀዳዳ ሾልካ ልትገባ ትችላለች።
3. መሰርሰሪያ ከሌላችሁና በጋለ ምስማር የምትበሱ ከሆነ ደጅ ወጥታችሁ፣ ነፋሱን ከጀርባችሁ አድርጋችሁ ሥሩ። የሚቀልጥ ፕላስቲክ ጭስ ለሳንባ ጎጂ ነው። ምስማሩን በጉጠት ያዙ።
4. ባልዲውን በሁለት ጡብ ላይ አስቀምጡና ከሥሩ ዝርግ ሰሃን አድርጉ። መሬት ላይ የተቀመጠ ባልዲ ከታች አየር አያገኝም።
5. ቦታው ጥላ ያለበትና ዝናብ የማያገኘው ይሁን። በረንዳ ይበቃል።

ክዳኑን ግጥም አድርጎ ዘግቶ ቀዳዳ አለማበጀት ሽታን ይከላከላል ብለው የሚያስቡ አሉ። ውጤቱ ተቃራኒው ነው። ክርፋቱን የሚፈጥሩት አየር በሌለበት የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ናቸው፤ አየር የሚያገኝ ብስባሽ የሚሸተው የዱር አፈር የሚሸተውን ያህል ብቻ ነው።

ደረጃ 4፦ የሚገባውንና የማይገባውን ለዩ

ይግባ፦ የአትክልትና የፍራፍሬ ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ የሻይ ቅጠል፣ የደረቀ አበባ፣ ታጥቦና ደርቆ የደቀቀ የእንቁላል ቅርፊት። የሽንኩርትና የሎሚ ልጣጭ በጥቂቱ ቢገባ ችግር የለውም።

አይግባ፦

- ሥጋ፣ አጥንት፣ ዓሣ፣ ወተትና የወተት ውጤት፣ ዘይትና ቅባት፣ የበሰለ ምግብ፣ ዳቦ። አይጥና ዝንብ የሚጠሩት እነዚህ ናቸው።
- የውሻና የድመት ዐይነ ምድር። በሰው ላይ በሽታ የሚያመጡ ጥገኛ ተሕዋስያን ይዞ ሊገኝ ይችላል።
- የታመመ ተክልና ዘር የያዘ አረም። አንድ ሜትር ኩብ የሚያህል ክምር በደንብ ሲሠራ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይሞቃል፤ ይህም ዘሩንና አብዛኛውን የበሽታ ተሕዋስ ይገድላል። የእናንተ ባልዲ ግን ያን ያህል አይሞቅም።
- የከሰል ድንጋይ አመድ። የእንጨት አመድ ቢሆን በጣም በጥቂቱ ይቻላል።
- «ይበሰብሳል» ተብሎ የተጻፈበት የፕላስቲክ ከረጢት። ብዙዎቹ የሚፈራርሱት በፋብሪካ ደረጃ በሚደረስ ሙቀት ነው፤ ባልዲ ውስጥ እንዳሉ ይቀራሉ።

ሁለት ጥቃቅን ነገሮች በተደጋጋሚ ይረሳሉ። ፍራፍሬ ላይ የሚለጠፈው ትንሽ ምልክት ፕላስቲክ ነውና ንቀሉት። የሻይ ከረጢትም በርካታው የፕላስቲክ ቃጫ አለበት፤ ቀድዳችሁ ቅጠሉን ብቻ ጨምሩ።

ደረጃ 5፦ መጨመር ጀምሩ

የመጀመሪያው ቀን፦

1. ከባልዲው ሥር 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ሸካራ ደረቅ ነገር አንጥፉ። የተቀደደ ካርቶንና ቀጫጭን እንጨት ቢቀላቀልበት ጥሩ ነው፤ ውሃውን መጥጦ ለአየር ክፍተት ይተዋል።
2. በላዩ ሁለት እፍኝ የጓሮ አፈር ወይም የቆየ ብስባሽ በትኑ። ተሕዋስያኑ የሚገቡት በዚህ ነው። የሚሸጥ ማፍጠኛ ዱቄት አያስፈልጋችሁም።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ፦

1. ልጣጩን ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር አድርጋችሁ ቁረጡት። ሙሉውን የተጣለ ነገር ለወራት ይቀመጣል።
2. በጣም ውሃ ያለበትን (ሐብሐብ፣ ዱባ፣ የታጠበ ቅጠላ ቅጠል) በወንፊት ላይ አንጠፍጥፉት።
3. ባልዲው ውስጥ ያለውን የላይኛውን ንጣፍ በትንሽ አካፋ ገለጥ አድርጉና እርጥቡን መካከል ላይ ቅበሩት።
4. ከእርጥቡ ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ደረቅ ጨምሩና በቦታው አቀላቅሉ።
5. የመጨረሻው 5 ሴንቲ ሜትር ሁልጊዜ ደረቅ ይሁን። ክዳኑን ስትከፍቱ ልጣጭ ከታያችሁ ሥራው አላለቀም።

በየቀኑ ባልዲው ድረስ መሄድ የማይመቻችሁ ከሆነ ልጣጩን ማቀዝቀዣው በረዶ ቤት ውስጥ አጠራቅሙትና በሳምንት ሁለት ጊዜ ጨምሩ። ቅዝቃዜው በፍራፍሬ ላይ ያለውን የዝንብ እንቁላል ይገድላል፤ ሲቀልጥም ቶሎ ይፈራርሳል። ነገር ግን ሲቀልጥ ብዙ ውሃ ስለሚለቅ ደረቁን ወደ ሦስት እጥፍ ከፍ አድርጉት።

ደረጃ 6፦ እርጥበቱን በእጃችሁ መርምሩ

ከሁሉም ደረጃዎች የበለጠ ትኩረት የሚሻው ይህ ነው። ጥሩ ብስባሽ ከክብደቱ ከ40 እስከ 60 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው። መለኪያ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ጓንት አድርጋችሁ ከባልዲው መካከል አንድ እፍኝ ውሰዱና አጥብቃችሁ ጭመቁ።

- አንድ ወይም ሁለት ጠብታ ብቻ ከወጣና ሲለቀቅ ቅርጹን ከያዘ፣ ተጨምቆ የተሰጣ ስፖንጅ የሚመስል ከሆነ፣ ልክ ነው።
- ውሃ በጣቶቻችሁ መካከል ከወረደ እርጥበቱ በዝቷል። ወዲያውኑ ካርቶን ጨምራችሁ አገላብጡ።
- ከተበተነና አቧራ ካስነሣ ደርቋል። ውሃ በአንድ ጊዜ አታፍስሱበት፤ በዳር ፈስሶ ይወጣል። እያገላበጣችሁ በጥቂት በጥቂቱ እርጩት።

በሳምንት ሁለት ጊዜ መርምሩ። በዝናብ ወራት ብዙ ጊዜ ችግሩ ውሃ መብዛት ነው፤ በሞቃትና በነፋሻ ወራት ደግሞ መድረቅ።

ከሥር በሰሃኑ ላይ የሚጠራቀመው ፈሳሽ ማዳበሪያ ነው እየተባለ ሲመከር ይሰማል። አልስማማበትም። አየር ካጣ ብስባሽ የወጣ ፈሳሽ በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ሊይዝና ለጋ ሥርን ሊጎዳ ይችላል። ጥሬ በሚበላ አትክልት ላይ አታፍስሱት። ደግሞም ፈሳሹ በየቀኑ የሚጠራቀም ከሆነ ደረቁ አንሷል ማለት ነው።

ደረጃ 7፦ አገላብጡ

በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ባልዲው ሞልቶ ተጨማሪ መቀበል ካቆመ በኋላ ደግሞ በየሁለት ሳምንቱ፣ ከታች ያለውን ወደ ላይ፣ ከዳር ያለውን ወደ መሐል አምጡ። በባልዲው ውስጥ ማማሰል ብቻ አይበቃም፤ ሥሩ ሳይነካ ይቀራል። የተሻለው መንገድ ሰፊ ሸራ ላይ ገልብጦ፣ የተጣበቀውን በታትኖ መመለስ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ይህን ሁልጊዜ ደጅ ሥሩ። ከደረቀ ብስባሽ የሚነሣው ብናኝ ሻጋታና ሌጂዮኔላ የተባለውን የሳንባ ሕመም የሚያስከትል ባክቴሪያ ሊይዝ ይችላል። አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ አቧራ ከተነሣ ውሃ እርጩበት፣ ስትጨርሱ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። አስም ያለበት ወይም የሰውነት መከላከያው የደከመ ሰው ካለ ማገላበጡን ሌላ የቤተሰብ አባል ይሥራ። እጃችሁ ላይ ቁስል ካለ ያለ ጓንት አትንኩ።

ሲበላሽ ምን ይደረግ?

*የተበላሸ እንቁላል ሽታ ከሸተተ።* አየር ጠፍቷል። አትደናገጡ፣ አትድፉትም። (1) ለአንድ ሳምንት ምንም እርጥብ አትጨምሩ። (2) ሁሉንም ሸራ ላይ ገልብጡና የተጣበቀውን ፈርፍሩ። (3) የክምሩን ግማሽ የሚያህል ካርቶንና ቅጠል ቀላቅሉ። (4) የተደፈኑ ቀዳዳዎችን በምስማር ክፈቱ። (5) ከሥር አዲስ ካርቶን አንጥፋችሁ መልሱት፣ ሽታው እስኪጠፋ በየቀኑ አገላብጡ።

*አፍንጫ የሚወጋ፣ ሽንት ሽንት የሚል ሽታ ከሆነ።* ይህ አሞኒያ ነው፤ ናይትሮጅን በዝቷል። ካርቶን ወይም ሰጋቱራ ጨምሩ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሽታ ያጠፋል ብሎ አመድ ወይም ኖራ ይነሰንሳል። አታድርጉት፤ ሁለቱም አሲዳማነቱን ስለሚቀንሱ አሞኒያው ይበልጥ ይተናል፣ ለተክሉ የሚሆነው ናይትሮጅንም አብሮት ይሄዳል።

*ትናንሽ ዝንቦች ከበዙ።* የላዩን ደረቅ ንጣፍ ወደ 10 ሴንቲ ሜትር አወፍሩትና በላዩ ጋዜጣ ዘርጉ። በብርጭቆ ትንሽ አቼቶና ሁለት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና አድርጋችሁ አጠገቡ አስቀምጡ፤ ገብተው ይቀራሉ።

*ትል ከታየ።* ወፍራም፣ ጠፍጣፋና ቡናማ ግራጫ ከሆነ የጥቁር ወታደር ዝንብ እጭ ሊሆን ይችላል፤ ቆሻሻውን ቶሎ የሚበላ ስለሆነ አይጎዳም። ነጭና ቀጭን ትል ከበዛ ግን ሥጋ ወይም የበሰለ ምግብ ገብቶ ሊሆን ይችላል፤ ካገኛችሁ አውጡት፣ ደረቅ ጨምራችሁ አገላብጡ።

*ጉንዳን ከሰፈረበት።* ደርቋል። አርጥቡትና አገላብጡት፤ ይለቃል።

*ነጭ ድር የመሰለ ሻጋታ።* ጤናማ ነው፤ ቅጠሉንና ካርቶኑን የሚያፈራርስ ፈንገስ ነው። ተዉት።

*ወራት አልፈው ምንም ካልተለወጠ።* መጀመሪያ እርጥበቱን ጭምቁና እዩ፤ ብዙ ጊዜ ደርቆ ነው። እርጥበቱ ልክ ከሆነ ሰጋቱራ በዝቶበት ይሆናል፤ የቡና አተላ ወይም ለጋ ሣር ቀላቅሉበት። አየሩ ቀዝቃዛ ከሆነ ደግሞ ከመታገሥ ሌላ መፍትሔ የለም።

*ባልዲውን ሲታጠብ።* ውሃና ሳሙና ይበቃል። በረኪናን ከአቼቶ ጋር ወይም አሞኒያ በሚሸት ባልዲ ውስጥ ፈጽሞ አትጠቀሙ፤ መርዛማ ጋዝ ይፈጠራል።

ደረጃ 8፦ መብሰሉን አረጋግጡ

አንደኛው ባልዲ ሲሞላ መጨመር አቁሙና ወደ ሁለተኛው ተሻገሩ። የሞላው ወደ ግማሹ ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል። በሞቃት ቦታ፣ በደንብ እየተገላበጠ፣ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ይፈጃል፤ ያልተነካ ባልዲ እስከ አንድ ዓመት ሊቆይ ይችላል። ጥቁር ቡናማ፣ ፍርፍር ያለና የአፈር ሽታ ያለው ሲሆን ሁለት ሙከራ አድርጉ።

1. እርጥብ ያለውን አንድ እፍኝ በፕላስቲክ ከረጢት አሽጋችሁ ለአንድ ሳምንት ጥላ ውስጥ አስቀምጡ። ስትከፍቱት የኮመጠጠ ወይም የአሞኒያ ሽታ ካለው አልበሰለም።
2. ግማሽ ብስባሽ ግማሽ አፈር በሆነ ዕቃ ውስጥ ጥቂት የባቄላ ዘር ዝሩ፤ ለማነጻጸሪያ ያህል አፈር ብቻ ባለበት ሌላ ዕቃም ዝሩ። የብስባሹ ዘሮች ካልበቀሉ ሌላ ወር ስጡት። በቅለው ቅጠላቸው ተጠቅልሎና ተጣሞ ከወጣ በሣር ወይም በገለባ በኩል ፀረ አረም ኬሚካል ገብቶ ሊሆን ይችላልና ለአትክልት አትጠቀሙበት።

ደረጃ 9፦ ተጠቀሙበት

1. አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ቀዳዳ ባለው ወንፊት ንፉት። ያልደቀቀውን ወደ አዲሱ ባልዲ መልሱ፤ ተሕዋስያን ስለያዘ የአዲሱን ሥራ ያፈጥናል።
2. ለማሰሮ ተክል ከአፈሩ ጋር ስትቀላቅሉ ብስባሹ ከጠቅላላው ከሩብ እስከ ሲሶ ይሁን። ብስባሽ ብቻውን ችግኝ አይተከልበትም፤ የጨውነቱ መጠን ለጋ ሥርን ሊያቃጥል ይችላል።
3. ለተተከለ ተክል ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ውፍረት በዙሪያው አንጥፉና ውሃ አጠጡ። ግንዱን ግን አታስነኩት፤ እርጥበቱ ልጡን ያበሰብሰዋል።
4. በብስባሽ ውስጥ ያደገ አትክልት ጥሬ የሚበላ ከሆነ በደንብ አጥባችሁ ብሉ።
5. የተረፈውን አየር በሚያስገባ ጆንያ፣ ከዝናብና ከፀሐይ አርቃችሁ አስቀምጡ። እንዳይደርቅ አልፎ አልፎ ውሃ እርጩበት፤ የቲማቲም ቡቃያ ቢወጣበት ነቅላችሁ መልሳችሁ ቅበሩት።